ስላልተቀየረው የባለቤቴ ዳሌ

ለተከበራችሁ የአካባቢያችን ጤና ቦርድ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? እናንተ ከታመማችሁ እኛን ማን በዕቅድ ይይዘናል?

እኔ በዌልስ የናንት ግዊን መንደር ነዋሪ ኔስታ ጆንስ፣ የሦስቱን ሸለቆዎች ሕክምና አቀናጅታችሁ በአንድ ጣሪያ ሥር ስላደረጋችሁልን እጅ እነሣለሁ። ጣሪያው ከእኛ ሁለት አውቶቡስ ይርቃል እንጂ ያማረ ነው ይባላል። አቤቱታዬን ለንባብ እንዲመቻችሁ በቁጥር አቅርቤዋለሁ።

፩. የመንደራችን ሰው ግማሹ ጆንስ ነው። ልጅም በአያቱ ስም ስለሚጠራ፣ ባለቤቴና የአጎቱ ልጅ ሁለቱም ኤምሪስ ጆንስ ናቸው፤ የተወለዱትም በአንድ ቀን ነው። እኛ ግን ተሳስተን አናውቅም፤ ጋጋሪው ኤምሪስ ዳቦ፣ ድንጋይ የሚክበው የእኔው ደግሞ ኤምሪስ ካብ ይባላሉ። እናንተ መዝገባችንን ስታቀናጁ ቅጽል ስሙን አላስፈላጊ ብላችሁ ሰርዛችሁ፣ ሁለቱን አንድ በሽተኛ አደረጋችኋቸው። ዘመዳሞች ናቸውና አልተቀያየሙም።

፪. በጸደይ የኤምሪስ ዳቦ ያረጀ ዳሌ በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ ተቀየረለት፤ እሰየው! አሁን የቤተ ጸሎቱን ደረጃ እንደ ፍየል ይወጣል። የእኔው ባል ግን ሦስት ዓመት ከጠበቀበት ወረፋ፣ ታክሟል ተብሎ ተሰረዘ። ስልክ ብደውል አንዲት ትሑት ልጅ፣ "እማማ፣ እዚህ ላይ ተሠርቶላቸዋል ይላል እኮ!" አለችኝ። "የኔ ልጅ፣ ከተሠራለት ምነው ካልሲውን እኔ አጠልቅለታለሁ?" ብላት፣ "እሱን የሚያየው ሌላ ክፍል ነው" አለች። ቅንጅቱ እሷ ጋ ገና አልደረሰም መሰለኝ።

፫. የእኔው ኤምሪስ "ሕመሙም የኔ መሆኑን ማስረጃ አምጣ እንዳይሉኝ!" እያለ ይቀልዳል። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲያነሣ የኖረ ሰው ግን፣ ባለፈው እሑድ ከወንበር መነሣት አቅቶት ሲያለቅስ አየሁት። በዚህ ላይ መቀለድ አልቻልኩም፤ ተናድጃለሁ።

እግዜር ወንበራችሁን ያጽናላችሁ፤ ከወንበሩ የምትነሡበትንም ዳሌ አይንሳችሁ።

አክባሪያችሁ፣ በመዝገባችሁ መሠረት የዳቦ ጋጋሪውም ሚስት፣
ኔስታ ጆንስ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለአካባቢያችን ጋዜጣ ልልክ ስል የእናንተው ግብዣ ደረሰን። ባለቤቴ የተሳካ ሕክምና ምሳሌ ሆኖ፣ በዓመታዊ ጉባኤያችሁ መድረክ ላይ ወዲያ ወዲህ እንዲራመድ ጠይቃችኋል። በደስታ ይመጣል። ከመኪናው እስከ መድረኩ የሚሸከሙትን ሰዎች ብቻ ከቦርዱ አባላት መካከል ከወዲሁ ብትመርጡልን።