ጠብቂ ያልኳት ልጅ

ይድረስ እንደ እናት ላሳደጉኝ ለእትዬ። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? ያ የዘመመው አጥርስ ቆመ? እኔ ነፍሴ አለች። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ ልጄን ከቀበርኩ ሦስት ወር ሞላኝ።

ባሏ ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። እኔና ስድስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ብቻችንን እንውላለን። ከስፓኒሽ ሌላ ቋንቋ አትሰማም። ልጄን ላስታምም እንደመጣሁ ትምህርት የገባሁትም ለዚሁ ነው። መጀመሪያ የተማርነው ማዘዣውን ነበር፤ ብዪ፣ ነይ፣ ታጠቢ። አብሮኝ የሚማረው ያገራችን ልጅ ቀለም ቀቢ፣ «እማማ፣ ሲያዙ እኮ ሻለቃ ነዎት፤ እንኳን ሚስቴ አልሆኑ!» እያለ ያስቀኝ ነበር። ያኔ ልጄ በሕይወት ነበረች፤ ሳቅም ነበረኝ።

ከሆስፒታል የተደወለ ዕለት ሕፃኗ እናቴስ አለችኝ። እርስዎ ያውቁታል፣ በእኛ ዘንድ መርዶ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ እንጂ በድንገት አይነገርም፤ ለሕፃንማ ጭራሽ። የማውቃትን ቃል አልኳት፦ «ኤስፔራ»፣ ጠብቂ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ይባላል፤ እኔ በአንዲት ቃል ጠፋሁ።

በሦስተኛው ቀን አባቷ ቁጭ አድርጎ እውነቱን ነገራት። አላመነችውም። «አያቴ ጠብቂ ብላኛለች፤ አያቴ አትዋሽም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። አባቷም፣ «እርስዎ ያሰሩትን እርስዎ ይፍቱት» ብሎኝ ፊቱን አዞረብኝ።

ስለዚህ ያለፈውን መናገር ተማርኩ። በስፓኒሽ ያለፈ ነገር ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ሲደረግ ለኖረ፣ ሌላው አንዴ ሆኖ ላበቃ። ትስቅ ነበር፣ ፀጉሬን ታበጥርልኝ ነበር የሚለው ቶሎ ገባኝ። ሞተች የሚለው ላይ ምላሴ ተሳሰረ። አስተማሪዋ ጻፊው ብላኝ ደብተር ሙሉ ጻፍኩት።

ባለፈው ሐሙስ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እናትሽ ሞተች፣ እኔም ዋሸሁሽ አልኳት። አላለቀሰችም። ስንት ቀን እንዳስጠበቅኳት ጠየቀችኝ። ቆጥሬ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ብዪ ስላት ትበላለች፣ ታጠቢ ስላት ትታጠባለች። ቃል ግን አልወጣትም። ሰው አለኝ የምላት የቀረችኝ እሷ ነበረች፤ እሷንም በገዛ አፌ አጣኋት።

ጋሼን ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ሴት ልጅዎን ከነባሏ፣ አራሷንም ከነጨቅላዋ ይሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለባልቴቷም ሰላምታዬ ይድረስ። እናታችንን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። የልጅ ልጇን ሞት እስካሁን እንደደበቃችኋት ሰምቻለሁ። በየበዓሉ መጣች ወይ ትላለች አሉ። በሞቴ እትዬ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ ማግስት በማለዳ ሰው ሰብስባችሁ አርዷት። አታስጠብቋት።

ታናሽ እህትዎ
ከልጄ ቤት፣ ሰኞ የካቲት 4 ቀን