«በርሽን ዝጊ» ብሎ ስለወሰነው ኮሚቴ

ለተከበሩ የቀበሌያችን አስተዳዳሪ፣
ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ትንፋሽዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ ይሁን እያልኩ፣ እኔ ከበርበሬ ወፍጮው ጋር በአንድ ግድግዳ የምዋሰነው አብዱልሃፊዝ፣ ስለ እህቴ ስለ ጠይባ ላቀረብነው አቤቱታ በሰባተኛው ወር ለደረሰን ፈጣን ምላሽ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩ኛ. የላኩልን ኮሚቴ ትጋት ልብ ይነካል። ወፍጮው በሳምንት ስድስት ቀን ሲፈጭ እኛ ቤት ድመቷ ሳትቀር ታስነጥሳለች፤ ሦስቱ አባላት ግን መርጠው የመጡት ዓርብ፣ ባለቤቱ ዘግቶ ለጁምዓ በሄደበት ሰዓት ነው። «ብናኝ አልታየም» ብለውም ጻፉ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ሰዓት እኛም አላየንም።

፪ኛ. ጠይባ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንዳለባት የሚገልጸውን የሐኪም ወረቀት ስንሰጣቸው፣ የመጨረሻዋን መስመር፣ «ጭንቀትና ድባቴ» የምትለውን ብቻ ጮክ ብለው አንብበው፣ ጭንቀት ከበርበሬ አይመጣም ሲሉ አስተማሩን። ሳሏ ሲነሳ ሰው ወንበሩን እያሸሸባት ሰርግም ለቅሶም መሄድ ትታለች። ቀሚስ ትሰፋበት የነበረውን መኪና ጨርቅ አልብሳ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። አንደኛው አባል ስንፍና ነው አሉ፤ እኛም ስንፍና በሆነ ብለን ስንት ጊዜ ተመኝተናል።

፫ኛ. ውሳኔው «አመልካቿ በርና መስኮቷን ዘግታ ትቀመጥ» ይላል። ክቡርነትዎ፣ ጠይባ በር መዝጋት ካቆመች ሁለት ዓመት አለፋት። ትንፋሽ ሲያጥራት መጮህ አትችልም፤ በተዘጋ ቤት ብቻዋን የምትቀር እየመሰላት ተነስታ ትከፍተዋለች። ውሳኔውን ሳነብላት ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «አብዱ፣ ከከፈትኩት በርበሬው አለ፤ ከዘጋሁት ደግሞ ማን ይሰማኛል?»

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ትቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ይዤ እውላለሁ፤ በቀበሌው የመጀመሪያው ያልተቀጠረ የበር ባለሙያ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ወፍጮው ይጥፋ አላልኩም፤ ያለ በርበሬ እርስዎም እኔም አንኖርም። ከመኖሪያ ቤት መሀል ወደ ገበያው ዳር ይዛወር ነው ያልኩት። እስከዚያው ማክሰኞ ረፋድ፣ ወፍጮው ሲያጓራ፣ ከጠይባ ጋር በሩን ዘግተው ግማሽ ሰዓት እንዲቀመጡልን በአክብሮት እጋብዛለሁ። እኔ ከውጭ እጠብቃለሁ፤ ድምፅ ከተረፈልዎ ይጥሩኝ።

ከበሩ ደፍ ላይ ሆኜ እጅ የምነሳዎ፣
ታዛዥ ጎረቤትዎ አብዱልሃፊዝ

የተረሳ፦ ያን ዓርብ፣ ወፍጮው ቆሞ ሳለ፣ ሦስቱም አባላት ማስክ አጥልቀው ነበር የገቡት። ለበርበሬው ከሆነ ሪፖርቱ ይታረም። ለጠይባ ከሆነ ግን ሕመሟ እንደማይተላለፍ ሐኪሙ ጽፎታል፤ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ካነበቡት መስመር አንድ ከፍ ብሎ።