በሩ ላይ ተቀምጬ ለቀረሁበት ችሎት

ለተከበሩ የፍርድ ቤታችን ፕሬዚዳንት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ እንዲሁም ሪባን ቆርጠው ላስመረቁት አዲሱ ድረ ገጽ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የሰው ቀሚስ እሰፋለሁ።

እንደሚያውቁት፣ ባያውቁትም ሥራ ስለሚበዛብዎ ነው፣ ሟች እህቴ ትታልኝ የሄደችውን ልጅ ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። በቅርቡ የአባቷ ወንድም ዝምድናው ድንገት ትዝ ብሎት ልጅቷ ትሰጠኝ ሲል ከሰሰኝ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ችሎቱን በኢንተርኔት አድርገው ከመመላለስ እንግልት ስለገላገሉን ክብረት ይስጥልን። ለውጡ የተነገረው በድረ ገጹ ላይ ብቻ ስለነበር፣ እኔ በወረቀት የደረሰኝን መጥሪያ ይዤ በጠዋት መጥቼ ከችሎቱ በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ጥፋቱ የእግሬ ነው።

፪. የድምፅ ማጉያው ጥራት ያስመሰግናል፤ ስሜ ሲጠራ በተዘጋው በር ጥርት ብሎ ተሰማኝ። አቤት ብዬ በሩን ገፋ ሳደርገው፣ የችሎቱ ጸሐፊ መቅረብ የሚቻለው በስክሪን ብቻ መሆኑን፣ ሲስተሙም እንደማያየኝ በትሕትና አስረዳኝ። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከዚያ ወደ ኮምፒውተራቸው ተመለሱ።

፫. ስለ ፍጥነቱማ ምን እላለሁ! ጸሐፊው የነገረኝን አድራሻ ስልኬ ላይ ከፍቼ «እባክዎ ይጠብቁ» ሲለኝ፣ እኔም በታዘዝኩት መሠረት ስጠብቅ፣ ጉዳዩ በሌለሁበት ታይቶ ልጅቷ ለአጎቷ ትሰጥ ተባለ።

፬. ማልቀስ ይገባኝ ነበር፤ እንባዬ አልመጣ አለ። ሊወስዳት ሲመጣ ልብሷን አጣጥፌ አቀበልኩት። እሷ ቀሚሴን ይዛ አልለቅም ስትል፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ። የፍርድ ቤት ውሳኔ ይከበራላ!

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በሲስተሙ የማልታየው፣ ከችሎቱ ግን በአንድ ሳንቃ ብቻ ርቄ የነበርኩት አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ አክስት

ማሳሰቢያ፦ ውሳኔው ማንም ከፍቶ እንዲያነበው፣ ምንጊዜም እንዳይጠፋ ሆኖ ድረ ገጹ ላይ መውጣቱን አይቻለሁ። «አክስቷ ተጠርታ አልቀረበችም» ይላል። ልጅቷ ዘንድሮ ማንበብ ጀምራለች።