አባቴ ካርድ አልነበረውም

አባየ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እዚያው አገርህ ኮሶዬ ላይ በወጉ አወጣን። እማየ አሁን ከእኔ ጋር ጎንደር ናት፤ ከተማው ውሃ ውሃ አለኝ እያለች ታማርራለች። ገብሱን ዘንድሮ የዘራው ወንድሜ አላምረው ነው። ትልሙ እንደ አንተ ቀጥ አላለለትም፤ ብታየው ትስቅበት ነበር።

የምጽፍልህ ግን ይህን ለመንገር ብቻ አይደለም። ለማንም ያላወራሁት ነገር አለኝ።

ከጣሪያ ወድቀህ ወገብህን የታመምህ ጊዜ፣ ለሕመሙ ማስታገሻ ትራማዶል ያዘዝሁልህ እኔ ነኝ። ለአሥር ቀን ነበር። ሲያልቅብህ ቅዳሜ ለገበያ ወረድህና ጋቢህን እንደተከናነብህ የምሠራበት ሆስፒታል መጣህ። ካርድ አውጣ ብልህ ሳቅህብኝ፤ ልጅህን ሐኪም ያደረግኸው ወረፋ ለመያዝ እንዳልሆነ ነገርኸኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ነርሶቹ ፊት አባቷ ሲኮራባት ማን ይጠላል? ማዘዣውን ቆሜ ጻፍሁልህ። በሚቀጥለው ጊዜም ቆሜ ጻፍሁልህ።

እኔ በሌለሁ ቀን ባልደረቦቼ ይጽፉልህ ነበር። የዶክተሯ አባት እንዴት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ ይሉ ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያውቅም፤ ካርድ ከሌለህ የት ይመዝገብ? ሁላችንም ያከበርንህ መስሎን ነበር።

አንድ ቀን ራስህ ነገርኸኝ።

"ልጄ፣ ሳልውጠው ካደርሁ እጄ ይንቀጠቀጣል። እርፍ መጨበጥ አቃተኝ።"

አፈርሁ አባየ። ሱስ የከተማ ጎረምሳ ነገር እንጂ የአንተ መሆኑን ልቤ አልቀበል አለ። እርጅና ነው አልሁህ። በቀን ስንት ፍሬ እንደምትውጥ አልጠየቅሁህም፤ አባትን እንዲህ መጠየቅ መዳፈር መሰለኝ። ሌላ ማዘዣ ጽፌ ሸኘሁህ።

ከዚያ የጎረቤት ሠርግ መጣ። አረቄ ጠጥተህ ገባህ፤ ወገብህ ሲያምህ ኪኒኑን በላዩ ደርበህ ከሰዓት በኋላ ጋደም አልህ። እማየ እንቅልፍ የወሰደህ መስሏት በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችህ። አልነቃህም። ከሳጥንህ ያወጣነው ባዶ እሽግ እቅፍ ሙሉ ነበር። ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ለካ አራት ሆነን ስንጽፍልህ ኖረናል።

አሁን በእኛ ክፍል ለዘመድም ለአለቃም ያለ ካርድ አይታዘዝም። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ሰው የታዘዘለት ቀን ሳይሞላ ሲመለስባት ትደውልልኛለች። ተቆጥቶ የሚወጣ አለ። እማየን ለጉልበቷ ወረፋ ባስይዛት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከቆላ ድባ አንድ አዛውንት መጡ፣ ያንተ እኩያ። ትራማዶል ጻፊልኝ ብለው ለመኑኝ። መቆጣት አልሆነልኝም። ባዶ እጃቸውን መመለስም አልፈለግሁም፤ የለመደ ሰው በአንዴ ሲቋረጥበት ይጎዳል። በሩን ዘግቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁና በቀን ስንት እንደሚውጡ ጠየቅኋቸው። አሥር አሉኝ። ከዚያ እንባቸው መጣ፤ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። በየሳምንቱ እየቀነስንላቸው፣ ኪኒኑን ልጃቸው እየያዘችላቸው ሊመለሱ ተስማማን።

እሳቸው ሲወጡ እኔ አለቀስሁ። ያን ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም አባየ።

ይቅር በለኝ። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም። እንደ ሸጋው አባቴ አስብሃለሁ፤ ሳልጠይቀው እንደሞተብኝ በሽተኛዬም አስብሃለሁ።

ልጅህ ጥሩወርቅ