ደን ውስጥ ጥለዋቸው ስለሄዱት ስለ አቶ ጆቴ

ለተከበሩ አቶ ምንተስኖት ንዋይ
የ«ሰማያዊ ጥላ» የጉዞና አስጎብኚ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

እጅግ የተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የደም ግፊትዎ የተስተካከለ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንደ ወትሮው መልካም፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ እንዲሆን እመኛለሁ፤ በተለይ እንቅልፍዎ። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት እንዳየሁት፣ እርስዎ ያደረጉትን ያደረገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መተኛት ይቸግረዋል። እርስዎን ግን ባለፈው ሳምንት በቢሮዎ በር ሳልፍ ፊትዎ ጥርት ብሎ፣ ቆዳዎ አብርቶ ስላየሁ የሕክምና ዕውቀቴን እንደገና መመርመር ጀምሬያለሁ።

ሲስተር ገላኔ ምልኬሳ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። በስሜ ካላስታወሱኝ፣ ድርጅትዎ «ከማንኛውም የወደፊት ጉዞ ለዘለቄታው የታገዱ» ብሎ በማኅተም ባስከበረው ደብዳቤ ላይ በሁለተኛው መስመር ያገኙኛል። ይህን ጽሑፍ በአደባባይ ለማውጣት የተገደድኩት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ ነው። በሦስተኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ ብቻዎን ብርቱካን እየላጡ ሲሰበሰቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

«የሐሩር ደንና የባሕር ዳርቻ የስምንት ቀን የቡድን ጉዞ» ብለው ሲያስነግሩ ከአዳማ፣ ከባቱና ከአርሲ ነገሌ አሥራ ስምንት ሰዎች ተመዘገብን። ከመነሻችን በፊት በነበረው ቅዳሜ ሶደሬ ወስደው ከፍል ውሃው አጠገብ ሰበሰቡን፤ ለእያንዳንዳችን ቢጫ ኮፍያ አድለው «ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብ ናችሁ፤ እኔም ታላቅ ወንድማችሁ ነኝ» አሉን። ከመካከላችን አሥራ አንዳችን በዕድሜ ወላጆችዎ መሆን የምንችል ስለነበርን ታላቅ ወንድምነትዎ ትንሽ ግራ ቢያጋባንም አጨበጨብን።

በዚያ ቀን ከጎኔ የተቀመጡት አቶ ጆቴ ነበሩ። እርስዎ ስለማያውቋቸው ላስተዋውቅዎ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ በአርሲ ነገሌ እህል ገበያ አርባ ዓመት ስንዴ ሲነግዱ ኖረዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት መውጣት እያስጠላቸው ሲመጣ ልጆቻቸው ተማክረው ለዚህ ጉዞ አስመዘገቧቸው። ምን ሊያዩ እንደጓጉ ብጠይቃቸው፣ «ላንጋኖም ማዶው ይታያል፣ አቢጃታም ማዶው ይታያል። ማዶው የማይታይ ውሃ አንድ ጊዜ ልይ ብዬ ነው» አሉኝ። የስኳር ሕመም እንዳለባቸውና ኢንሱሊን እንደሚወጉም አጫወቱኝ። ስለዚህ በድርጅትዎ ቅጽ ላይ «ልዩ የጤና ሁኔታ» በሚለው ሥር በእጄ ጻፍኩላቸው፤ የምግብ ሰዓታቸው ሊያልፍባቸው እንደማይገባ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩና ለአስጎብኚያችን ለሚኪያስ ሰጠሁት። ቅጹ ዛሬም ፋይልዎ ውስጥ እንዳለ አልጠራጠርም፤ እናንተ ዘንድ ወረቀት አይጠፋም፣ የሚጠፋው ሰው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬን፣ ለንባብ እንዲመችዎ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጊዜ ቁጠባዎ። በጉዞው ሦስተኛ ቀን፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ወዳለ ዝናባማ ደን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገባን። ዛፎቹ ሰማዩን ዘግተውት ነበር፤ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይሰምጣል፤ ሳይዘንብብን ልብሳችን ራሰ። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው ቁልቁለት ለእኔም ጉልበት ከብዶ ነበር። አቶ ጆቴ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ የወደቀ ግንድ አገኙና ተቀምጠው «እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ ሆኜ ወፎቹን ልስማ» አሉ። ሚኪያስም «አባባ፣ በዚሁ መንገድ ስለምንመለስ ከዚህ እንዳይነቃነቁ» ብሏቸው ቀጠልን። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ግን ከእርስዎ ስልክ መጣ፤ ሰዓት ለመቆጠብ ሲባል አውቶቡሱ ወደ ታችኛው በር ስለተዛወረ በሌላ መንገድ እንድንወጣ ታዘዝን። ሚኪያስ «አባባን ከበሩ ሰው ልኬ አስመጣቸዋለሁ» አለን፤ አመንነው። ታችኛው በር ስንደርስ ግን የሚላክ ሰው አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ስንቆጠር አሥራ ሰባት ሆንን። የአቶ ጆቴ ቦርሳ ወንበራቸው ላይ ተቀምጧል፤ ቴምራቸውም፣ የስኳር መለኪያቸውም በውስጡ ነው። ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተዋል፤ የምሳ ሰዓታቸው ደግሞ እያለፈ ነው። ይህ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም፤ የተሰመረበትን ማንበብ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ግልጽነትዎ። ሚኪያስ ደወለልዎ። ተሳስቶ ይሁን ወይም ሆን ብሎ አላውቅም፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ስላደረገው ሁላችንም ሰማን። «አንድ ሰው ደኑ ውስጥ ቀርቶብኛል፣ ልመለስ» አለ። እርስዎም እንዲህ ብለው መለሱለት፦ «ፎቶ አንሺው ባሕር ዳር እየጠበቀ ነው፤ ፀሐዩ ካመለጠን የማስታወቂያው ሥራ ተበላሸ ማለት ነው። ለአንድ ሽማግሌ አሥራ ሰባት ሰው አይቆምም። የደኑ ጠባቂዎች ሲያገኙት ያመጡታል። ሹፌሩን ንዳ በለው።»

አውቶቡሱ ተነሳ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ማንም አፉን አልከፈተም። እኔም አልከፈትኩም። ያን ያህል ዘመን ነጭ ጋውን ለብሼ ኖሬ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል እንደ ሌሎቹ በመስኮት ዛፍ ስቆጥር ነበር። በእርስዎ ላይ ያለኝ መጸየፍ በዚያች ሁለት ደቂቃ በራሴ ላይ ካደረብኝ ጋር ተቀላቅሎ እስካሁን አልለቀቀኝም። ከዚህ ያወጣችን ሃፍሳ ናት፤ አዳማ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ በሦስት ቀን ውስጥ አሥር ቃል እንኳ ያልተናገረች ሴት። ድንገት ብድግ ብላ፣ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እንዳለ ሰው «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ሹፌሩ የዚያው አገር ሰው ስለሆነ አማርኛ አይሰማም፤ ጣሪያውን በጡጫ ስትደበድበው ግን ገባውና ቆመ። ያኔ እኔም ተነሳሁ። ሚኪያስ ዓይኑ እንባ ሞልቶ «ሲስተር፣ እኔ ከወረድኩ ሥራዬን አጣለሁ» አለኝ። የአቶ ጆቴን ቦርሳ ግን በመስኮት አቀበለን።

መንገድ ዳር ባጃጅ አገኘን፤ እዚያም እንደ እኛው ባጃጅ አለ፣ ጡሩምባውም ያው ነው። ጠዋት በገባንበት በላይኛው በር ያገኘናት የደን ጠባቂ ምዋናጁማ ትባላለች። የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። ሃፍሳ በእጇ ጢም ሠራች፣ ከዘራ ሠራች፣ ከዚያ ቢጫ ኮፍያዋን አውልቃ ወደ ደኑ አመለከተች። ምዋናጁማ ጠመንጃዋን አንግታ ቀደመችን። ትንሽ እንደሄድን ጭቃው ላይ ትሪ የሚያህል ክብ ዱካ በጣቷ አሳየችን፤ የዝሆን ነበር። ሃፍሳ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ።

ግንዱ ጋ ማንም አልነበረም። «ኦቦ ጆቴ! ኦቦ ጆቴ!» እያልን ደኑን ሞላነው፤ የሚመልስልን ጦጣ ብቻ ነበር። ለካስ ብዙ ከጠበቁ በኋላ ሊከተሉን ተነስተው መንገድ ስተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ጅረት ዳር በጎናቸው ተኝተው አገኘናቸው። ሸሚዛቸው በቀዝቃዛ ላብ ከገላቸው ተጣብቋል፤ ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ግን አያየኝም፤ ሊናገሩ ሲሞክሩ ምላሳቸው ይተሳሰራል። አንገታቸው ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ይሄድ ነበር። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው፣ በማስታወቂያዎ ላይ «ከተፈጥሮ ጋር የቀረበ ግንኙነት» ያሉት ይኸው ሊሆን ይችላል ብዬ ነው።

ቦርሳቸው ውስጥ ከሆቴሉ የቁርስ ገበታ ያነሷቸው ትንንሽ የስኳር እሽጎች አገኘሁ። አንዱን በውሃ አርሼ ድዳቸውን ቀባኋቸው፤ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ምዋናጁማ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አሳርፋ «ፖሌ፣ ባባ፣ ፖሌ» ትላቸዋለች፤ በኋላ ብጠይቅ «ይቅርታ፣ አይዞህ» ማለት ነው አሉኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው ተመለሰ፣ ቴምር ማኘክም ቻሉ። የመጀመሪያ ቃላቸውን መስማት ይፈልጉ ይሆናል። «አውቶቡሱን አስቆምኩባችሁ እንዴ? አስቸገርኳችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ በዚህ ጉዳይ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው የወጣ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ አይታቸው የማታውቅ የደን ጠባቂ፣ ሌላው ራሳቸው የተጣሉት ሰው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቆጠራ ችሎታዎ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኛ አቶ ጆቴን ደግፈን ከደኑ ስንወጣ፣ የድርጅትዎ ገጽ ላይ የባሕር ዳር ፎቶ ወጥቶ ነበር፤ «አሥራ ስምንት ደስተኛ የቤተሰባችን አባላት በሕንድ ውቅያኖስ ዳር!» ይላል። እኔ ስቆጥረው አሥራ አምስት ኮፍያ አገኘሁ። ፈገግ ያለ ፊት ደግሞ ሁለት ብቻ።

አቶ ጆቴ አንድ ቀን ክሊኒክ ተኝተው ካገገሙ በኋላ፣ ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ስላለፈ፣ እኔና ሃፍሳ በማለዳ በባጃጅ ባሕር ዳር ወሰድናቸው። ጫማቸውን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ማዶውን ፈለጉ። ከዚያ በእፍኛቸው ቀምሰው፣ ጨዉ አፋቸውን ሲሞላው እንትፍ አሉትና «ለካ የአቢጃታ ዘመድ ነው!» አሉን። ሃፍሳ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወደ እኛ ሳይዞሩ፣ «እሷ ብትኖር፣ ማዶ የለውም ብላት አታምነኝም ነበር» አሉ። ስለ ባለቤታቸው ነበር። በጉዞው ሁሉ ባሕር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ በፕሮግራምዎ ላይ ስላልነበረ ለዚህ እርስዎን ማመስገን አልችልም።

አራተኛ፤ ስለ ደብዳቤዎ። ከተመለስን በኋላ አሥራ አንድ ቀን ድምፅዎን አጥፍተው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለአቶ ጆቴ ጻፉላቸው፤ ጤናቸውን ሊጠይቁ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ደብዳቤው ግን «በራስዎ ፈቃድ ከቡድኑ ተነጥለው የጉዞውን ሥነ ሥርዓት በማወክዎ» ብሎ ይጀምራል፤ መጨረሻው ላይም ይህንኑ አምነው እንዲፈርሙበት መስመር ተሰምሮላቸዋል። ልጃቸው ካነበበላቸው በኋላ ደወሉልኝና «ሲስተር፣ እውነትም ግንዱ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልፈርምላቸው ይሆን?» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ መግል ጠርጌአለሁ፣ የተላ ቁስል አጥቤአለሁ፤ የተጸየፍኩት ግን ያን ደብዳቤ ብቻ ነው።

አምስተኛውን በቁጥር ውስጥ ማስገባቱ ራሱ ይቀፈኛል፤ ቢሆንም ባለፈው ሰኞ መናኸሪያው አጠገብ ስለተሰቀለው አዲሱ ማስታወቂያዎ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፎቶው ላይ ሁለት ሴቶች አንድ ሽማግሌ ደግፈው ከደን ሲወጡ ይታያል። ያን ፎቶ የደኑ በር ሠራተኛ በስልኩ አንስቶ ለሚኪያስ፣ ሚኪያስም ለእርስዎ የላከው ሰውዬው በሕይወት መገኘታቸውን እንዲያውቁ ብሎ ነበር። እርስዎ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ከእኛ ጋር ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» ብለው ጻፉበት። ምዋናጁማን ቆርጠው አውጥተዋታል፤ ጠመንጃዋ ደንበኛ ያስደነግጣል ብለው ይሆናል። እጇ ግን በአቶ ጆቴ ብብት ሥር ቀርቷል። ማስታወቂያው ፊት ቆሜ የማን እንደሆነ የማይታወቀውን ያን እጅ ስመለከት ሊያስመልሰኝ ስለደረሰ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ ውሃ ሰጥቶኛል።

እንግዲህ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ሦስት ነገር ነው። ማስታወቂያውን ያውርዱ። የላኩትን ደብዳቤ በደብዳቤ ይሻሩ። ከዚያም በእግርዎ አርሲ ነገሌ ሄደው አቶ ጆቴን ፊት ለፊት ይቅርታ ይጠይቁ። የባሕር ዳሩ ፎቶ ላይ ከነበሩት አሥራ አምስት ሰዎች አሥራ ሁለቱ የሰሙትን ጽፈው ፈርመዋል። ሚኪያስም ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ትቶ ከእነርሱ ጋር ፈርሟል፤ ወረቀቱ ለሚመለከተው አካል ገብቷል። አቶ ጆቴ ግን የእርስዎን ወረቀት አልፈረሙም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ አዝናለሁ። ጤናዎን፣ ክብርዎንና በየማለዳው ፊትዎን በመስታወት የማየት ድፍረትዎን ፈጣሪ ያብዛልዎ እያልኩ፣ ከታገድኩበት ቦታ ሆኜ እጅ የምነሳዎ፤

ሲስተር ገላኔ ምልኬሳ
አዳማ

ማስታወሻ፦ እናትዎ ወይዘሮ አበበች የሰፈሬ ሰው ስለሆኑ፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና መለሱልኝ። በማግስቱ ማለዳ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ባቱ ላይ ሌላ ቀይረው፣ አርሲ ነገሌ ድረስ ሄደው አቶ ጆቴን ስለ ልጃቸው ይቅርታ ጠይቀው ተመልሰዋል። ስለዚህ የአቶ ጆቴን ቤት አላውቀውም ብለው እንዳይቸገሩ፤ እናትዎ ያሳዩዎታል።