ሟቹ አማካሪዬ በሁለት ሰከንድ ይመልሳሉ

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠነከረ፣ ዕድሜዎም እንደ እኔ ጉዳይ የረዘመ እንዲሆን እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ደጅ ስጠና ከርሜ፣ ስብሰባዎ የሚያልቅ ዓይነት አለመሆኑን ስለተረዳሁና ሥራም ላስፈታዎ ስላልፈለግሁ፣ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በቢሮዎ መተላለፊያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ድፍረቴን በለመድሁት ዝምታዎ እንደሚያልፉልኝ እተማመናለሁ።

የማን ጉዳይ እንደሆነ ጠፍቶዎት ከሆነ፣ እኔ የኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ ሰባተኛና የመጨረሻ ዓመቴ ነው። የማጠናው፣ ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ሥራ ተካፍለው ሲሠሩ ከመካከላቸው አንዱ ድንገት ዝም ቢል ሌሎቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነው። የሞተ ኮምፒውተርና የዘገየ ኮምፒውተር ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። እኔ የሠራሁት ፕሮግራም ያላየው ችግር ሲገጥመው ከዚህ በፊት የደረሰ ተመሳሳይ ችግር ፈልጎ ያኔ የሠራውን መፍትሔ ይዋሳል። ይህን አካሄድ ያስተማሩኝ አማካሪዬ ናቸው። ያለ «ለምሳሌ» አፋቸውን የማይከፍቱ ሰው ስለነበሩ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ለምሳሌ» ይላቸው ነበር። ጋሼ ለምሳሌ ከአሥራ አንድ ወር በፊት አርፈዋል። ቢሮዎ ለቀብራቸው የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበርና በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ወቀሳ እንዳይመስልብኝ፣ የቀሩትን ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ደንብዎ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ጽሑፌ ለፈተና የሚቀርበው አማካሪዬ ሲፈርሙበት ነው። አማካሪ ለመቀየር በሚሞላው ቅጽ ላይ የቀድሞው አማካሪ መፈረም አለባቸው። ሁሉም ይቅርብኝ ብዬ ትምህርቱን ትቼ ልሂድ ብል እንኳ የመሰናበቻው ቅጽ የእሳቸውን ፊርማ ይጠይቃል። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን እያመማቸው ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጥተው የሞት ምስክር ወረቀቱን ለመዝገብ ቤት አስረክበዋል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከልቧ አዝና «እኔስ አምንዎታለሁ እትዬ፤ ግን መዝገቡ ላይ በሕይወት አሉ» ብላቸዋለች። እናቴም በየሳምንቱ እየደወለች «ዛሬስ ፈረሙልሽ?» ትለኛለች። እማዬ ሞተዋል እኮ ስላት «ውይ፣ ነፍስ ይማር! እና መቼ ይፈርማሉ አሉሽ?» አለችኝ። ቢሮዎ በአንድ ሴት አእምሮ ላይ በስልክ ይህን ያህል መሥራት መቻሉ ሊደነቅ ይገባዋል።

፪. ጋሼ በሕይወት መኖራቸውን ስላረጋገጡበት መንገድ አመሰግናለሁ። ቢሮዎ በየወሩ ለጋሼ ኢሜይል ይልካል፤ መልሱም በሁለት ሰከንድ ይመጣል። እንዲህ ይላል፦ «ለጊዜው ከቢሮ ውጭ ነኝ። ስመለስ እመልሳለሁ። እስከዚያው ተማሪዬን አነጋግሩ፤ እሷ የወሰነችው እኔ የወሰንሁት ነው።» ይህ ሆስፒታል የገቡ ዕለት አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ እሳቸው እየነገሩኝ እኔው የጻፍሁት፣ ኮምፒውተር በራሱ የሚልከው መልስ ነው። ቢሮዎ ግን ለባለቤታቸው በጻፈው ደብዳቤ፣ ባለጉዳዩ ራሳቸው እንደሚመለሱ እየገለጹ ሳለ ከሦስተኛ ወገን የሚቀርብ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በአክብሮት አስታውቋል። ሦስተኛ ወገን የተባሉት ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አብረዋቸው የኖሩት ሴት ናቸው።

፫. ምክሬን ስለተቀበሉ አመሰግናለሁ። ነገሩ ሲከብደኝ የቢሮዎን ሁኔታ ለራሴ ፕሮግራም አቀረብሁለት፤ ምን ይመስላል ብዬ። አንድ የቆየ ብልሽት አወጣልኝ፦ ውስጡ ያለው ሁሉ ተቃጥሎ በየሰከንዱ «አለሁ» ማለቱን ብቻ ያላቆመ ኮምፒውተር፣ ጓደኞቹም «አለሁ» ካለማ ብለው ሥራቸውን አቁመው ሲጠብቁት። ያኔ የተገኘው መፍትሔ አለህ ወይ ብሎ መጠየቁን ትቶ ሥራ ሰጥቶ ማየት ነበር። ይህንኑ ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነገርኋት። ቢሮዎም በማላውቀው ፍጥነት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ጋሼ ስለ እኔ ብቃት አንድ ገጽ እንዲጽፉ በኢሜይል ጠየቃቸው። ያው የምናውቀው መልስ መጣ። ፋይሌ ላይም «አማካሪው አቋማቸውን አልቀየሩም» ተብሎ ተጻፈ።

፬. ታዲያ ይህን መልስ ለምን አታጠፊውም እንደሚሉኝ እገምታለሁ። መልሱን የሚልኩት በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ ያሉት አምስት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ሁለቱ ቢሞቱ እንኳ ሦስቱ ሥራውን ሳያቋርጡ እንዲቀጥሉ አድርጌ የሠራኋቸው እኔ ነኝ። የሚፈተኑበት ሥራ ደግሞ የጋሼን የኢሜይል ሣጥን መያዝና ይህን መልስ መላክ ነው። «ለምሳሌ የእኔን ብትጠቀሚስ?» ብለው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሙከራው ለሁለት ዓመት ሳይቋረጥ መሄድ አለበት፤ የሚያበቃው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። የትምህርት ፈቃዴም የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው። አሁን ባጠፋው የሰባት ዓመት ጥናቴ ገደል ይገባል። ባላጠፋው ጋሼ በእርስዎ መዝገብ አይሞቱም፣ እኔም ፈቃዴ አልፎበት እባረራለሁ።

ባለፈው ዓርብ ቆርጬ ገባሁ። የመጀመሪያውን ገመድ ነቀልሁ፣ ሁለተኛውን ነቀልሁ። ሣጥኑ ምንም አልሆነም፤ ጥናቴ ልክ እንደሆነ በገዛ ዓይኔ አየሁ፣ ደስ ግን አላለኝም። ሦስተኛውን እንደያዝሁ መቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ አዲስ መልእክት መግባቱ ታየ፤ ላኪዋ ባለቤታቸው ነበሩ። የኋላውን መዝገብ ስመለከት ከቀብሩ ወዲህ በየዓርቡ ጽፈውላቸዋል። መሞታቸውን ከማናችንም በላይ ያውቃሉ፤ የሚጽፉት «ስመለስ እመልሳለሁ» የሚለውን ለማንበብ ነው። ሦስተኛውን ለቀቅሁ። የነቀልኋቸውን ሁለቱን መልሼ ሰካሁና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም።

፭. በመጨረሻም ስላስተማሩኝ ነገር አመሰግናለሁ። የጋሼ መልስ የጋሼ ቃል መሆኑን ቢሮዎ አሥራ አንድ ጊዜ መዝግቧል። እንግዲያውስ ከ«ስመለስ እመልሳለሁ» ቀጥሎ ያለውም ቃላቸው ነው፦ «እሷ የወሰነችው እኔ የወሰንሁት ነው።» በዚህ መሠረት ለፈተና እንድቀርብ ወስኜ በአማካሪው ቦታ ፈርሜ ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ይህ የኮምፒውተር መልስ እንጂ የሰው ቃል አይደለም የሚሉ ከሆነም እሰየው፤ ያንኑ በጽሑፍ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ ማረፋቸውን ያመኑበት ሰነድ ይሆነኛልና አዲስ አማካሪ ይመደብልኝ። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ላለመምረጥ ሦስተኛ ቅጽ እንደሚያዘጋጁ እፈራለሁ። ክቡርነትዎ፣ ደክሞኛል። የቀረኝ ዘጠኝ ቀን ነው።

ለቢሮዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይነጥፍ ቀለም፣ ለስብሰባዎ ምቹ ወንበር እየተመኘሁ፣ ተቀባይነትም መልስም ስንብትም ያላገኘሁት
ታዛዥ ተማሪዎ

ግልባጭ፦ ለአማካሪዬ፣ በደንቡ መሠረት፣ በኢሜይላቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግልባጩን ስልክላቸው ጋሼ እንደ ወትሯቸው በሁለት ሰከንድ መልሰውልኛል። ለእርስዎ ያስገባኋቸው አሥራ አራት ማመልከቻዎች ግን አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድም መልስ አላገኙም። በቢሮዎ መለኪያ የሚመልስ ሰው በሕይወት ያለ ነውና፣ ከሁለታችሁ ያረፈው ማን እንደሆነ በዚህ ሳምንት በግልጽ ተረድቻለሁ፤ ነፍስዎን ይማር። በምትክዎ ሌላ ኃላፊ እንዲመደብ የሚጠይቀውን ቅጽ ሞልቼ በቢሮዎ በር ሥር አስገብቻለሁ። ደንቡ የቀድሞው ኃላፊ ፊርማ እንዲኖርበት ስለሚያዝ፣ እባክዎ ፈርመው ይላኩልኝ።