የአራስ ቢላዋ

ነጌሌ ቦረና፣ መጋቢት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለቢረሳው፣
ባለህበት አስመራ፤

የደጋው ብርድ እንዴት አድርጎሃል? እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዝናቡ በሊበን በኩል ሲያጉረመርም ይውልና ሳይጥል ይመለሳል። እኔ ደህና ነኝ። ልጅህም ደህና ነው፤ ግንባሩ ያንተ፣ ቁጣው የእኔ ነው። ማታ ማታ ጋቢህን ለብሼ እተኛለሁ፤ ሽታህ እንዳይለቅ ብዬ እስካሁን አላጠብኩትም። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለው ስለሚያስቆጣህ ነው።

በሾፌሩ እጅ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። "ቢላዋው የጎረቤታችን የበድሪያ ነው ብለሽ ተናገሪና ተገላገይ። እኛን ምን አገባን? እኔ እዚህ ለኢሠፓአኮ አባልነት ታጭቻለሁ፤ ስሜ በክፉ እንዳይነሳ" ብለሃል። መጀመሪያ የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሎኝ ነበር። ጽሕፈቱ ግን ያንተው ነው። የሥራ ባልደረባህ ዓብዱሰላም ከቢሮ ስልክ ሲደውልልህ ነገሩን አሳጥሮት ይሆናልና እኔው ከሥሩ ልንገርህ።

አንተ በጥር ለዘመቻው ስትሄድ እናቴ ደብረ ታቦር ነች፣ እህት የለኝ። ምጡ ሲይዘኝ ሱቋን ዘግታ የመጣችው በድሪያ ናት። "እናትሽ ሩቅ ናት፣ እኔ ቅርብ ነኝ፤ እጄን ያዢና ግፊ" አለችኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን ያን ቀን በእጄ ጨብጬ አየሁት። ለአራስነቴ በግ የገዛችልኝ እሷ ናት፤ የእስላም ሥጋ እንዳይሆንብኝ ብላ የቄሱን ልጅ ጠርታ "በስመ አብ" አስብላ አሳረደችልኝ። ከዚያ የሟች ባሏን የሰማታርን ቢላዋ ከሣጥን አውጥታ ትራሴ ሥር ከተተችው።

"በናጋ፣ በሰላም ከአራስ ቤት እስክትወጪ ድረስ ይህ ብረት ካንቺ እንዳይለይ" አለችኝ። "ሽንት ቤት እንኳ ስትሄጂ ያዢው።"

እናቴም ብትሆን ከዚህ የተለየ አትልም፤ እኛ አገር ማጭድ ይሆናል፣ ሌላው ያው ነው። አራስ ብረት ሳትይዝ ደጅ አትወጣም። በጾሙም በጸሎቱም ብንለያይ፣ በጅኑ ነገር ላይ ክርስቲያንና እስላም ተጣልተን አናውቅም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣልህ፤ አንተ ሕግ ትወዳለህ። ከሄድክ በኋላ ቀበሌው ማስታወቂያ ለጥፏል። ከአንድ ስንዝር የረዘመ ስለት ያለው ቢላዋ፣ ጩቤም ሆነ ሰይፍ ይዞ ከቤት መውጣት ክልክል ነው ይላል። ሥጋ ሻጮች በፈቃድ ነው፤ የጓዳ ቢላዋ ከጓዳ አይወጣም። ምክንያቱ ሰርጎ ገብ ነው። ምክንያቱን አልንቅም፤ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ስንቱን እንደቀበርን እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን በገበያ ቀን ብትመጣ ኬላው ላይ የቦረና ሰው ሁሉ የወገቡን ቢላዋ እየፈታ ሲከምር ታያለህ። ወተት የሚያመጣልን ጎሊቻ "ሱሪዬን ብትወስዱ ይሻለኝ ነበር" ብሏቸው፣ ቀኑን ሙሉ ወገቡን በእጁ ይዞ ዋለ።

ደግሞ ያው መንግሥት በድምፅ ማጉያ "እናቶች፣ ሕፃናታችሁን ወደ ክሊኒክ አምጥታችሁ አስከትቡ" እያለ መንደሩን ዞረ። እኔም ታዘዝኩ። ልጁን አቀፍኩ፣ ቢላዋውን ከነአፎቱ በመቀነቴ ሸጎጥኩና ወጣሁ። ኬላው ላይ ሴቶችን የምትፈትሸው የሴቶች ማኅበሯ እሙሽ ናት። እጇ ወገቤ ላይ ሲደርስ ቆመ። የአምስት ልጆች እናት ናት፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። "ምነው በዛብሽ፣ ምስማር ብትይዢ?" ብላ በጆሮዬ ተናገረች። ልታሳልፈኝ ነበር፤ ግን አብዮት ጠባቂው ሺሬ አየ። ክትባቱ ቀረና እኔና ልጅህ በጠመንጃ ታጅበን ቀበሌ ገባን።

የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ጓድ ወልደሚካኤል ቢላዋውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በስንዝሩ ለካው። ስለቱ ሁለት ጣት ተርፎ ወጣ። እኔ ደግሞ "ሺሬ ይሰንዝረው" አልኩ። ሺሬን ታውቀዋለህ፣ መዳፉ አካፋ ነው። ሲሰነዝረው ስለቱ ከእጁ ሥር ጠፋ።

"ሕጉ የማንን ስንዝር ነው የሚለው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"የሰብሳቢውን" አለ ወልደሚካኤል።

"እንግዲያው ሰብሳቢ በተለወጠ ቁጥር ሕጉ ይረዝማል፣ ያጥራል ማለት ነው?"

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር፤ አስወጡት።

"ጓድ በዛብሽ፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ" አለኝ። "በኋላ ቀር ልማድ ታምኛለሽ? ለመሆኑ ብረት ከሆነ ምስማር አይበቃም ነበር?"

"ይብቃ አይብቃ ጅኑን ይጠይቁት" አልኩት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከቅጣትና ከምክር የሚያልፍ አልነበረም። ወልደሚካኤል ግን አፎቱን አገላብጦ አየና "ይህ የጓዳ ቢላዋ አይደለም። ባለቤቱ ይጠራ፤ ሌላም የደበቀው መሣሪያ እንዳለ ይመረመራል" አለ። የማን እንደሆነ አልናገርም ስለው ቀጠሮ ሰጠኝ። የበድሪያ ወንድም ራሺድ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሶማሊያ ተሻግሮ እንደቀረ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ሱቋን ስንት ጊዜ እንደፈተሹባትም ታውቃለህ። ስሟ ከአፌ ከወጣ ሴትዮዋ ተወስዳ አትመለስም። አንተ ግን "ንጹሕ ከሆነች ይለቋታል" ብለህ ጻፍክልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይህን ሳታውቅ ጽፈኸው ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ።

ቀጠሮው ትናንት ነበር። ጠዋት በድሪያ ሱቋን ቆልፋ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ በሬ ላይ ቆመች።

"እኔ ሄጄ የእኔ ነው እላለሁ" አለችኝ። "አንቺ አራስ ነሽ። እስር ቤት ጡት ያደርቃል።"

"ከሱቅሽ ንቅንቅ እንዳትዪ" አልኳት። "ብትመጪ እዚያው ፊታቸው አላውቃትም እላለሁ።"

ተቆጣች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ሰደበችኝ። ከዚያ ልጁን ሳመችውና ተመለሰች። እኔ ደብዳቤህን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ለምን እዋሽሃለሁ? አልፈራችም እንዳትል፤ ፈርቻለሁ። ፈርቼም ሄድኩ።

"ቢላዋው የማን ነው?" አለ ወልደሚካኤል።

"የባለቤቴ ነው።"

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። "የጓድ ቢረሳው?"

"አዎን። ለእናት አገር ጥሪ ሲሄድ፣ አራስ ቤት ባዶ እጅሽን አትሁኚ ብሎ ትቶልኝ ሄደ።"

ዶሮ ሲታረድ ፊትህን የምታዞረው አንተ፣ በአንድ አፍታ ባለ ጩቤ ጎበዝ ሆንክ። ወልደሚካኤል ወደ እሙሽ ዞሮ "አንቺ ጎረቤት ነሽ፣ ታውቂዋለሽ?" አላት። ሰማታር ያን ቢላዋ ታጥቆ በሰፈራችን ሲመላለስ ያላየው ጎረቤት የለም። እሙሽ መሬት መሬቱን እያየች "በጓድ ቢረሳው ወገብ ላይ አይቼዋለሁ" አለች። እኔ ይህን ከእሷ አልጠበቅኩም ነበር። ስወጣ እጇን ብይዛት አስለቀቀችኝና "ዞር በይልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለችኝ።

የዘማች ሚስት ከነአራስ ልጇ ማሰር አልሆነላቸውም፤ መልቀቅም አልሆነላቸውም። ስለዚህ ባለህበት መሥሪያ ቤት ጽፈው ካንተ ሊያረጋግጡ ወስነዋል። ደብዳቤያቸው ከዚህኛው ጋር በአንድ አውሮፕላን ሳይመጣ አይቀርም፤ ይህን ግን በታመነ ሰው እጅ ልኬዋለሁና አንብበህ አቃጥለው።

ዋሸሽ ትለኛለህ። አዎን፣ ዋሽቻለሁ። ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ፤ ለቀበሌ ግን አልናዘዝም። ሕጉን ጥሳለች ካሉ እኔን ይቅጡኝ፤ ይዤው የወጣሁ እኔ ነኝ። ነገም አራስ ብሆን ይዤ እወጣለሁ። ለእኔ ብላ የሟች ባሏን ቅርስ ከሣጥን ያወጣች ሴት ግን በእኔ አፍ አትታሰርም። አንተን ለአንድ ቢላዋ አይገድሉህም። አባልነቱ ይዘገይብህ ይሆናል። በስብሰባ ላይ አቁመው ያብጠለጥሉሃል፤ አንተም ተነስተህ ግለ ሂስ ታደርጋለህ፣ ትችልበታለህ። በድሪያ ግን የምታደርገው ግለ ሂስ የላትም።

"አዎን፣ የእኔ ነው" ካልካቸው በቂ ነው፤ ማብራሪያ አታብዛ፣ ስታበዛ ያስታውቅብሃል። ያን ጊዜ በእግሬም በመኪናም ብዬ ልጅህን ታቅፌ አስመራ እመጣለሁ። "አላውቀውም" ካልክ ደግሞ ውሸታም ተብዬ እታሰራለሁ። ያኔም ቢሆን የበድሪያ ስም ከአፌ አይወጣም። ስገባ ልጁን ለማን ሰጥቼ እንደምገባ እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ ለእሷ ነው። በእሷ ደጅ የሚያድግ ልጅ አባቱ ምን ብሎ እንደመለሰ አንድ ቀን ይጠይቃል፤ እኔም አልደብቀውም።

ክርስትናው በሚመጣው ሳምንት ነው። ቄሱ አባቱ ሳይኖር ብለው አጉረመረሙ፤ አባቱ ዘማች ነው ብዬ አፋቸውን ያዝኩ። መድኃኔዓለም ካለህበት ይጠብቅህ፣ ከብርዱም ከሰዉም ይሰውርህ፣ የቀበሌው ደብዳቤ እጅህ በገባ ሰዓት ደግሞ ልብህን ያበርታልህ።

እስከ መልስህ ድረስ ባለቤትህ፣
በዛብሽ